የጉልበት ውጪኛ ጎን ሕመም (አይ ቲ ባንድ)፦ ሐዋሳ ላይ የምትሮጡ ምን አደረጋችሁ?

ሶምሶማ_በጠዋት
ሰላም ሐዋሳዎች። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አትሌት ምናምን አይደለሁም፣ ቢሮ ነው የምውለው። ጠዋት ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ ወደ አሞራ ገደል ሶምሶማ እሮጣለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ታቦር ተራራን እወጣለሁ። አሁን የቀኝ ጉልበቴ ውጪኛው ጎን አላስሮጥ ብሎኛል። ስነሳ ምንም የለም። አራተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጠበቅ ጠበቅ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ ውጋት ይሆንና እግሬን መሬት ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ይሰማኛል። ስቆም ይጠፋል። ስጀምር ይመለሳል። የባሰው ደግሞ ደረጃ መውረድ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ጠዋት የደረጃውን ብረት ይዤ አንድ እግሬን ቀጥ አድርጌ ነው የምወርደው። አላበጠም፣ አልቀላም። አንድ ጓደኛዬ አይ ቲ ባንድ ነው አለኝ፣ የጭን ጎን ጅማት ማለት ነው። የሐዋሳውን ግማሽ ማራቶን 21ዱን ኪሎ ሜትር ለመሮጥ አስቤ ነበር። የገጠመው ሰው ምን አደረገ? እረፍት አድርግ ብቻ እንዳትሉኝ፣ አርፌ አይቼዋለሁ፣ ስመለስ እዛው ነው የጠበቀኝ።

የታቦር_ልጅ
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም ይዞኝ ያውቃል። ታቦርን ለጊዜው እርሳው። የሚጎዳህ መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው። እኔ አሁንም ብወጣ ስወርድ በእርምጃ ነው፣ የሚስቅ ይሳቅ። ሌላው ጫማህን ገልብጠህ ሶሉን እየው። ሰልባጅ ነው አዲስ? ሰልባጅ ከሆነ የበፊቱ ባለቤት በራሱ አረጋገጥ በልቶት ሊሆን ይችላል፣ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ራሱ ያሳብቃል።

አቶቴ_ሰፈር
ምን ታካብዳላችሁ፣ ወጌሻ ጋ ይሂድ። በዘይት ሁለት ሦስቴ ሲያሹት ይለቀዋል። አጎቴ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ በወጌሻ ነው የዳነው፣ ዛሬ ከኔ በላይ ይሄዳል።

ሐይቅ_ዳር
አቶቴ ሰፈር፣ ውልቃት ሌላ ይሄ ሌላ። እኔ ሄጄ አይቻለሁ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ እጃቸውም ጥሩ ነው፣ ግን የሚያመኝን ቦታ ራሱን በአውራ ጣት ደህና አድርገው ጨመቁት። በማግስቱ እንኳን ልሮጥ ባጃጅ ላይ መውጣትም ፈተና ሆነብኝ። ቦታው እኮ ተጭኖ የተቆጣ ነው፣ ሌላ ጫና ምን ያደርግለታል? ጭንህን ላላ አድርገው ቢያሹልህ፣ መቀመጫህን ቢያሹልህ እሺ። ያቺን የሚያምህን የጉልበት ጎን ጉብታ ግን ማንም እንዳይነካብህ።

ፊዚዮ_ሐዋሳ
ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሰው ሳይታይ በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም፣ ግን የጻፍከው ነገር ብዙ ይናገራል። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አይ ቲ ባንድ ጡንቻ አይደለም። ከዳሌ አጥንት ተነስቶ በጭን ውጪኛ ጎን ቁልቁል ወርዶ፣ ጉልበትን አልፎ፣ የቅልጥም አጥንት ውጪኛ ጎን ላይ የሚያያዝ ወፍራምና ጠፍጣፋ ጅማት ነው። ከላይ ሆነው የሚወጥሩት ጡንቻዎች ናቸው፣ በተለይ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻና ከዳሌ ፊት ለፊት ወደ ጎን ያለው አንድ ትንሽ ጡንቻ። ጉልበት 30 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ ይህ ጅማት የጭን አጥንት ውጪኛ ጉብታ ላይ ይጠብቃል፣ ሥሩ ያለውንም ስብ ይጫናል። ስቡ ውስጥ ነርቭ አለ። ውጋቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ድሮ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይፈገፍገዋል ነበር የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአናቶሚ ጥናት ግን ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ እንደዚያ እንደማይንሸራተት አሳየ። ለዚህ ነው መጨመቁ የማይጠቅመው፣ ሐይቅ ዳር ልክ ነሽ።

አሁን ይቺን 30 ዲግሪ ያዙልኝ። ሶምሶማ ስንሮጥ እግራችን መሬት ሲነካና ክብደታችንን ሲቀበል ጉልበታችን እዚያው አካባቢ ነው የሚታጠፈው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እዚያ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ታቦርን መውረድ፣ ደረጃ መውረድ፣ ቀስ ብሎ ረጅም መሮጥ ያስነሳዋል። አንዳንድ ሰው በፍጥነት ሲሮጥ እንደማያመው ሲነግረኝ አይገርመኝም፣ ፈጣን ሩጫ ላይ ጉልበት መሬት ሲነካ የበለጠ ስለሚታጠፍ ያቺን ቦታ ቶሎ ያልፋታል።

ቤትህ ልትሞክራት የምትችላት ነገር አለች። ወንበር ላይ ቁጭ በል፣ ጉልበትህ 90 ዲግሪ ታጥፎ። ከመገጣጠሚያው መስመር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለህ በውጪው ጎን በጣትህ ስትፈልግ አጥንት ጉብ ያለበት ታገኛለህ። እሱን በአውራ ጣትህ ጫን አድርገህ ያዝና እግርህን ቀስ እያልክ ዘርጋ። ሊዘረጋ ትንሽ ሲቀረው «ኧረ!» ካስባለህ፣ ያውም ያው ስትሮጥ የምታውቀው ሕመም ከሆነ፣ ጓደኛህ ሳይሳሳት አልቀረም።

ሕመሙ ራሱ መገጣጠሚያው መስመር ላይ ከሆነ፣ ጉልበትህ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ካበጠ፣ ወይ ቁጭ ባልክበትና በተኛህበትም የሚያምህ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሜኒስከስ (ጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ ያለው ለስላሳ አጥንት) ሊሆን ይችላል፣ የአጥንት ስንጥቅም ሊሆን ይችላል። ያኔ ሐኪም ቤት ነው እንጂ እዚህ ተቀምጦ ምክር መሰብሰብ አይደለም።

ሶምሶማ_በጠዋት
ሞከርኩት። ኧረ ብቻ አይደለም ያስባለኝ። ሊዘረጋ ሲቃረብ ነው፣ ልክ እንዳልከው። ግን አንድ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ አንስተውኝ ምንም የለብህም ብለው ነው የመለሱኝ። ብር ከፍዬ የለብህም ተባልኩ።

ፊዚዮ_ሐዋሳ
ራጅ አጥንት ነው የሚያሳየው። ይሄ ነገር ራጅ ላይ አይታይም። አጥንት ላይ ምንም የለም ማለት አያምህም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ በጥያቄና በእጅ ምርመራ ነው የሚታወቀው፣ ኤምአርአይም የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ወይ በልምምድ አልሻል ሲል ነው።

ኮካ_ጠርሙስ
ፎም ሮለር፣ ጡንቻ ላይ የሚንከባለለው ጠንካራ የስፖንጅ ጥቅል፣ ግን እንዴት ነው? እኔ ውድ ስለሆነብኝ በኮካ ጠርሙስ ነው የጭኔን ጎን የማንከባልለው። እንባዬ እስኪመጣ።

የታቦር_ልጅ
ሃሃሃ ጠርሙሱ ሳይሰበር አቁም ወንድሜ።

ፊዚዮ_ሐዋሳ
እንባ የመዳን ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ስሌት አለ፤ ይህን ጅማት በመጫን ወይ በመግፋት ቅርጹን አንድ በመቶ እንኳ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኃይል የሰው እጅ ከሚችለው በላይ ነው። ጅማቱን በሮለር አስረዝማለሁ ማለት የመኪና ጎማ በእጅ አሽቼ አሰፋለሁ እንደማለት ነው። ሮለሩን ከወደድከው መቀመጫህና የጭንህ ፊት ላይ ተጠቀምበት፣ ጡንቻው ዘና ይልልሃል። የጭኑን ጎንና ጉብታዋን ተዋት። ስትነሳ የሚሰማህ መቅለል ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ እሱን መዳን ብለህ እንዳትሮጥበት።

ጡረተኛ_መምህር
ልጆች እንደምን አላችሁ። ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዱብ ዱብ እላለሁ። እኔም እዚያው ቦታ ያመኛል። አንድ የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ ውጬ እወጣለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ለምን ታስረዝሙታላችሁ?

ሐይቅ_ዳር
ጋሼ በርቱልን! እኛ በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ከሮጥን ምን ቀረን። ግን ባዶ ሆድዎን ነው የሚውጡት? እኔ ጨጓራዬን ያስያዘኝ እሱ ኪኒን ነው።

ፊዚዮ_ሐዋሳ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?

ጡረተኛ_መምህር
እወስዳለሁ። ምነው?

ፊዚዮ_ሐዋሳ
እንግዲያውስ ዲክሎፌናኩን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይቀጥሉ። ግፊት ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒቱንም ሥራ ሊቀንስ ይችላል፣ በዚያ ላይ ላብ ወጥቶዎት ውሃ ሳይጠጡ ሲሆን ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም። ሁለተኛው ነገር፣ ሕመሙን ዘግቶልዎት መሮጥ ማለት ጉልበትዎ «በቃኝ» ሲል አይሰሙትም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በእርስዎ ዕድሜ የጉልበት ጎን ሕመም ሁሉ አይ ቲ ባንድ አይደለም፣ የመገጣጠሚያ መሸርሸርም እዚያው ያማል። እባክዎ ይታዩ። ሩጫውን ያቁሙ አላልኩም።

ጡረተኛ_መምህር
ተግሣጹን ተቀብያለሁ። ቀጠሮዬ ቅርብ ነው፣ እጠይቃለሁ።

ጥቁር_ውሃ_ደርሶ_መልስ
እኔ የማላየው ነገር አለ እዚህ ውይይት ላይ፣ መንገዱን ማንም አላነሳም። ሐዋሳ ሜዳ ነው እንላለን፣ አዎ ሜዳ ነው፣ ግን የሻሸመኔን መንገድ ይዛችሁ ወደ ጥቁር ውሃ ስትሮጡ አስፋልቱ ዳሩ ላይ ወደ ቦዩ ያዘነበለ ነው፣ ዝናብ እንዲወርድበት። መኪና ፊት ለፊት እያየን በግራ ዳር ነው የምንሮጠው፣ እሱም ትክክል ነው፣ ከኋላ የሚመጣ ሲኖትራክ አታየውምና። ግን ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ግራ እግርህ ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው፣ ዳሌህም አብሮ ያዘነብላል። የኔ የግራ ጉልበት ነው የተያዘው፣ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ጠዋት ጭር ባለበት ሰዓት የሐይቁ ዳር የአፈር መንገድ ላይ፣ ካልሆነም ሰፈር ውስጥ መሐል መሐሉን እሮጣለሁ። ኮብልስቶን ላይ ግን አልመክርም፣ ቁርጭምጭሚት ይበላል።

ሐይቅ_ዳር
ይሄ ልክ ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ ሳይነጋ ሐይቅ ዳር ብቻዬን አልሄድም፣ ውሻውም ሌላውም አለ፣ ስለዚህ የኳስ ሜዳ ነው የምዞረው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ። አሁን ግማሹን በግራ ግማሹን በቀኝ አድርጌዋለሁ፣ የሚያዩኝ ልጆች «እትዬ ተሳሳቱ» ይሉኛል፣ ይበሉ።

ሶምሶማ_በጠዋት
እሺ፣ ታቦር ቀረ፣ ዘንበል ያለ መንገድ ቀረ፣ መታሸት ቀረ። ምን ልሥራ ታዲያ? ንገሩኝ እንጂ።

ፊዚዮ_ሐዋሳ
ሥራው ዳሌ ላይ ነው። የሚያምህ ጉልበትህ ነው፣ የሚሠራው ግን ከላይ ነው። አንድ እግርህ ላይ ስታርፍ የጎን ዳሌህ ጡንቻ ካልያዘህ የሌላው ጎን ዳሌ ይወርዳል፣ ጉልበትህ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጅማቱም ይወጠራል። መስታወት ፊት ቆመህ በአንድ እግርህ ትንሽ ቁጢጥ በል፣ ራስህ ታየዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ላይ ይህ ሕመም ያለባቸው 24 ሯጮች ለ6 ሳምንት የዳሌ ጡንቻቸው ላይ ሠርተው 22ቱ ያለ ሕመም ወደ ሩጫ ተመልሰዋል። ልምምዱን ሳይሠራ የቆየ ሕመምተኛ አብሮ ስላልተለካ ምን ያህሉ የልምምዱ፣ ምን ያህሉ የጊዜው ሥራ እንደሆነ አይለይም። እኔ ግን በሥራዬ የማየውም ወደዚያው ነው።

የምትጀምርባት ይቺ ናት። ግድግዳ አጠገብ ምንጣፍ ላይ በጎንህ ተኛ፣ ጀርባህና መቀመጫህ ግድግዳውን ነክተው፣ የሚያምህ እግር ከላይ ሆኖ። ካልሲ አድርግ፣ እንዲንሸራተት። የላይኛውን እግርህን ቀጥ አድርገህ ተረከዝህን ግድግዳው ላይ ጫን እያደረግህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ አንሸራት፣ የእግር ጣቶችህ ወደ ጣሪያ ሳይሆን ትንሽ ወደ መሬት ያዘንብሉ። ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ላይ ትንሽ ቆይ፣ ከወጣህበት በዘገየ ፍጥነት አውርድ። ቃጠሎው መቀመጫህ ጎን ላይ ከተሰማህ በትክክል እየሠራህ ነው። ጭንህ ፊት ላይ ከተሰማህ እግርህ ከግድግዳው ለቋል፣ መልሰው። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ሰው ሁሉ ቀላል ነው ይላል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ይንቀጠቀጣል።

እሷ ስትቀልህ የደረጃዋን ጨምር። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ የመጨረሻዋ ላይ በአንድ እግርህ ቁም፣ ሌላው እግርህ አየር ላይ ይንጠልጠል። ጉልበትህን ሳታጥፍ የተንጠለጠለውን ጎን ዳሌ ዝቅ አድርግ፣ መልሰህ አንሳው። ብረቱን ያዝ፣ ጀግንነት አያስፈልግም። ሌላው በክንድህ ተደግፈህ በጎንህ መቆየት ነው፣ ጎን ፕላንክ የሚሉት። ላስቲክ መግዛት ካልፈለግህ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠህ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ማሰር ትችላለህ፣ በግማሽ ቁጢጥ ወደ ጎን መራመድ ነው፣ ጎረቤት እንዳያይህ በርህን ዝጋ እንጂ።

ሩጫውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አታቁም፣ ደረጃ ስትወርድ የሚያምህ ከሆነ ብቻ ለጥቂት ቀን አርፍ። ከዚያ የሚነሳብህ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ሁለተኛው ላይ አቁም። ሕመሙን እስክታገኘው አትሂድ። አንድ ደቂቃ ሩጥ፣ አንድ ደቂቃ ተራመድ፣ ሜዳ ላይ፣ በየሁለት ቀኑ። ውጋቱ ከመጣ ወደ ቤት በእርምጃ፣ «ትንሽ ቀረኝ» የለም። ስታርፍ የጠፋው ስላረፍክ ነው፣ ስትመለስ የጠበቀህ ደግሞ ዳሌህ ያው ስለነበር ነው።

ጥቁር_ውሃ_ደርሶ_መልስ
እኔ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው እርምጃ ማሳጠር ነው። ረጅም ረጅም እየተወረወርኩ ነበር የምሮጠው። ቀኝ እግርህ መሬት ስትነካ ለ30 ሰከንድ ቁጠር፣ በ4 አባዛ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትረግጥ ይሰጥሃል። 160 ከሆነ 168 አድርገው፣ አምስት በመቶ ነው፣ ፍጥነትህን ግን አትጨምር። እርምጃው ሲያጥር እግርህ ከሰውነትህ ሥር ነው የሚያርፈው፣ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። መጀመሪያ ሰው ያሳደደህ ነው የሚመስለው። ትለምደዋለህ።

ፊዚዮ_ሐዋሳ
ጥሩ ነጥብ ነው። አንድ ልጨምርበት፣ እግሮቻችሁ አንድ መስመር ላይ እየተተካኩ ከሆነ የሚያርፉት፣ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ ጅማቱ የበለጠ ይወጠራል። አፈር መንገድ ላይ ሮጣችሁ ዞር ብላችሁ ዱካችሁን እዩት። በሁለቱ ዱካዎች መሐል ትንሽ ክፍተት ይኑር።

አቶቴ_ሰፈር
እሺ ወጌሻውን ተውኩት። ግን እሱን ሁሉ ከሚያስብ ለምን ሐይቁ ውስጥ አይዋኝም?

የታቦር_ልጅ
ጉማሬው ጋር ይወዳደር ነው የምትለው?

ባለ_ብስክሌት
ብስክሌት ይንዳ። ከተማው የተሠራው ለብስክሌት ነው። ግን ወንበሩን ተጠንቀቅ። የኪራይ ብስክሌት ወንበሩ ያለፈው ሰው ባስቀመጠው ከፍታ ነው የሚመጣልህ። ወንበሩ ከፍ ካለ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ወደ መዘርጋቱ ይሄዳል፣ ያቺን የተረገመች 30 ዲግሪ በየዙሩ ታገኛታለህ ማለት ነው። እኔ በብስክሌት ብቻ ነው የያዘኝ፣ ሮጬ አላውቅም። ወንበሩን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ሳደርገው ቀለለኝ።

ሶምሶማ_በጠዋት
ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፣ ክሩ እንዳይሞት። የግድግዳዋን ነገር መጀመሪያ ንቄያት ነበር፣ ባለቤቴ ግን አብራኝ ሠርታ እኔ ስንቀጠቀጥ እሷ ጨረሰች፣ እልህ ያዘኝና ቀጠልኩ። አሁን ደረጃውን ብረት ሳልይዝ እወርዳለሁ። ሜዳ ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር ያለ ውጋት ሮጫለሁ፣ ጠበቅ ጠበቅ የሚለው ግን አልፎ አልፎ አለ። ውድድሩ ላይ 21ዱን ትቼ አጭሩን ነው የምሮጠው። ጥያቄ፦ ታቦርን መቼ ነው መልሼ የምወርደው?

ፊዚዮ_ሐዋሳ
ደስ ይላል፣ ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ቁልቁለት የመጨረሻው ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ ሜዳ ላይ የበፊት ርቀትህን ጠበቅ ጠበቅ ሳይልህ ሩጥ። ከዚያ የአንድ ብሎኬት ቁመት ካለው ነገር ላይ በአንድ እግርህ ቆመህ የሌላውን ተረከዝ መሬት አስነክተህ ተመለስ፣ ቀስ ብለህ፣ ጉልበትህ ወደ ውስጥ ሳይገባ። 15 ጊዜ ሳያምህ ከሠራህ ታቦር ወጥተህ የታችኛዋን ቁራጭ ብቻ እየሮጥክ ውረድ። በማግስቱ ደረጃው ላይ ካላመመህ በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ጨምር።

ጡረተኛ_መምህር
ለመሆኑ ይህ የብሎኬቱ ነገር ለእኔም ይሆናል? ሐኪሙ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ጅምር አለ፣ ግን ተንቀሳቀሱ ብሎኛል። ዲክሎፌናኩን አስቁሞኛል።

ፊዚዮ_ሐዋሳ
ይሆናል ጋሼ፣ ግን በብሎኬት አይጀምሩ። ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ከፍታ ይበቃል፣ ወንበር ይዘው፣ አምስት አምስት ጊዜ። ሕመሙ በማግስቱ ከጨመረ ቁጥሩን ይቀንሱ። አንድ ቀን ጠዋት ሐይቅ ዳር ከተገናኘን አብረን እንሠራዋለን።